የአሸዋው መንገድ የሚዘጋበት ሰዓት

ኬርዋድ፣ የኮንካን ባሕር ዳርቻ
ጃንዋሪ 8

ለወንድሜ ባለቤት ለሻሊኒ፣

እንደምን ከርመሻል? የፑኔ ብርድስ እንዴት ያደርግሻል? እኔ ከሁለቱ ጉልበቶቼ በቀር ደህና ነኝ። እነሱ ግን ተማክረው አድመውብኛል፤ አንዱ ስቀመጥ ይጮኻል፣ ሌላው ስነሳ። ብስክሌት የምጠግነው በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው። ጎበዝ ጠጋኝ ቁጭ ብሎ ነው የሚሠራው እያልኩ ደንበኞቼን አታልላለሁ፤ እስካሁን የነቃብኝ የለም።

መልሱን ስላዘገየሁ ይቅርታሽን እለምናለሁ። ብዕርሽ ወረቀቱን ሁለት ቦታ በስቶት አየሁና እንደተቆጣሽ ገባኝ፤ ቁጣ ደግሞ ትንሽ ቢያድር ይበርዳል ብዬ ተውኩት። አሁን አንድ በአንድ ልመልስልሽ።

አዎ፣ ሹባዳ ጽፋልኛለች። አዎ፣ እኔም መልሼላታለሁ። "ለእናቴ እንዳትነግር" አላለችኝም፤ ዝም ያልኩት በራሴ ነው። ልጅሽ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞላት፣ ሻሊኒ። ከኮሌጇ የብስክሌት ማኅበር ጋር፣ ዘጠኝ ሆነው፣ የባሕሩን ዳር ይዘው እስከዚህ ሊጋልቡ ነው። "ካካ፣ ከጀልባው ማቋረጫ እስከ አንተ ቤት ያለውን ጥሩውን መንገድ ሥዕል አድርገህ ላክልኝ" አለችኝ። "ካካ" ተብሎ ልቡ የማይቀልጥ የአባት ወንድም ካለ እሱ ሰው አይደለም።

የሳልኩላትን ጠይቀሻል፤ ይኸውልሽ። ብስክሌቶቹን በጀልባ ጭነው ትልቁን ወንዝ ይሻገራሉ። ከዚያ በኮኮናቱና በፉፈሉ ዘንባባ መካከል የሚያልፈውን ጠባብ መንገድ ይይዛሉ፤ በቀይ ድንጋይ አጥር የታጠረ ነው፣ እኩለ ቀን እንኳ ፀሐይ አይነካውም። ከዚያ ዳገቱ። እዚያ ይሰደቡኛል፤ ይሰደቡኝ። ከላይ ሜዳው ሲከፈት ቢጫ ሣር፣ የማንጎ አበባ ሽታ፣ በስተቀኝ ደግሞ ባሕሩ ሁሉ አለ። የቤተ መቅደሱን ጥግ ዞረው ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ፍሬን እንዳይለቁ ከሥዕሉ ላይ በቀይ ጽፌላታለሁ። ወንድሜ ሙኩንድ እዚያ ላይ እጁን ከመሪው ለቆ ይዘፍን እንደነበር ግን አልጻፍኩም።

አሁን ወደምትፈሪው ነገር ልምጣ። ማዶ መንደርንና እኛን የሚለየውን የሌላውን ትንሽ ወንዝ አፍ ታውቂዋለሽ። ባሕሩ ሲሸሽ አሸዋው ለሁለት ሰዓት ያህል ይገለጣል፤ እርጥብና ጠጣር ነው፣ ብስክሌት እንደ ሲሚንቶ ይሄድበታል። ሲዘጋ ደግሞ ያለው የተራራው መንገድ ብቻ ነው፣ ዐሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር። ለልጅቱ የሳልኩት የተራራውን ነው። አሸዋው ካለበት ቦታ ላይ ሰማያዊ ቀለም ቀብቼ "ባሕር" ብያለሁ። ሙኩንድ የቀረበትን ቦታ ለልጁ በጣቴ የማሳይ ሰው አድርገሽ አትይኝ። ዓሣ አጥማጆቹ እንኳ "ውሃው መቼ ይከፍታል?" ብለው ቢጠይቁኝ ከዚያ ቀን ወዲህ ለማንም ሰዓት እንደማልናገር ታውቂያለሽ።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። እንዲህ የፈራሽው ምን አይተሽ ነው?

አክባሪሽ
ዳታራም

ፑኔ
ጃንዋሪ 14

ለተከበሩት ለባለቤቴ ታላቅ ወንድም ለዳዳ፣

ዛሬ የሳንክራንት በዓል ነው። ከጠዋት ጀምሮ ጎረቤቱ ሁሉ በሬን እያንኳኳ "ሰሊጡን ውሰጂ፣ ጣፋጭ ጣፋጩን ተናገሪ" ይለኛል። ለእርስዎም ትንሽ የሰሊጥ ጣፋጭ በወረቀት ጠቅልዬ ከደብዳቤው ጋር አድርጌያለሁ፤ ተሰባብሮ ከደረሰ ይቅርታ። የምናገረው ጣፋጭ ነገር ግን የለኝም።

በቁጣ ስለጻፍኩልዎ አፍራለሁ። ልጄን የሚወዳት ሰው ላይ መጮኼ ልክ አልነበረም። እርስዎ በየዓመቱ ለትምህርት ቤቷ ጎማ እየለጠፉ ያገኙትን ሲልኩ አንድ ቀን እንኳ አልረሱም። ጉልበትዎን በሰናፍጭ ዘይት ያሹት፤ ሞቅ አድርገው።

ምን እንዳየሁ ጠይቀውኛል። የሙኩንድን የብረት ሣጥን ክፍት አገኘሁት። የመንገድ ደብተሩ የለበትም።

ደብተሩን ያስታውሱታል። የባሕሩን ዳር መንገዶች ሁሉ በእርሳስ የሳለበት ነው፤ የቱ ጋ ውሃ እንደሚገኝ፣ የቱ ጋ ጥሩ ዓሣ እንደሚበላ፣ የትኛው ውሻ እንደሚያባርር ሳይቀር ጽፎበታል። አሸዋውም አለ። በቀይ እርሳስ አስምሮበት "እዚህ ሰው ክንፍ ያወጣል" ብሎታል። ከጎኑ ደግሞ እርስዎ ያስተማሩት አቆጣጠር አለ፤ ጨረቃ ከጠፋችበት ቀን ማግስት ጀምረህ በጣትህ ቁጠር፣ ባሕሩ በየቀኑ ሦስት ሩብ ሰዓት ይዘገያል የሚለው።

"የአባትሽን ደብተር አይተሻል?" አልኳት።

"የቱን ደብተር?" አለችኝና ጆሮዋን አሸች። አባቷም ሲዋሽ ጆሮውን ያሽ ነበር። አይታው እንኳ አታውቅም፤ ከየት እንዳመጣችው እንጃ።

አትሄጂም ብያት ነበር፣ ባለፈው ሳምንት። ምን አለችኝ መሰለዎት? "አዪ፣ እናቴ፣ አባቴን አላውቀውም። ድምፁን አልሰማሁም፣ እጁን አልያዝኩም። መንገዱን እንኳ ልወቅለት? አባቴ ጭራሽ እንዳልነበረ አድርገሽ ነው እንዴ ያሳደግሽኝ?" ደብተሩን ብነጥቃት ያለ ደብተሩ ትሄዳለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይበሉኝ፤ እኔ ግን ከልጥ አይደለም የምሸሸው።

ከደብተሩ መጨረሻ አንድ ገጽ ተቀዷል። ድሮ የተቀደደ ነው። ስለሱ አይጠይቁኝ።

በሌላው ትንሽ ወረቀት ላይ የጠየቅኩዎትን አንብበው ሲጨርሱ ያቃጥሉት።

አክባሪዎ
ሻሊኒ

ኬርዋድ
ጃንዋሪ 30

ለሻሊኒ፣

ሰሊጡ ዱቄት ሆኖ ደረሰ፤ በማንኪያ በላሁት። ወረቀቱንም እንዳልሽው አቃጥያለሁ። ከደረሰኝ ዐሥራ አንድ ቀን ሆነው። ሦስት ጊዜ መልስ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። ይቅርታ የምጠይቅበት ነገር ስለበዛ ከዚህኛው አልጀምርም።

"አቆጣጠሩ እውነት ነው ወይ? በጣቱ ብቻ የሚቆጥር ሰው ይድናል ወይ?" ብለሻል። እውነት ነው። ግን ያልተጻፈ ጅራት አለው። ጨረቃ አንዳንዴ ትለግማለች። ያኔ ዘመን ቆጣሪዎቹ አንዱን ቀን ሁለቴ ይጽፉታል፤ ዛሬም አራተኛ፣ ነገም አራተኛ። ይህ ከቀን መቁጠሪያው ላይ ካልታየ አይታወቅም፤ ጣት እንደሆነ አይደገምም። ስለዚህ በጣቱ የቆጠረው ሰው ከባሕሩ አንድ ቀን ቀድሞ ይገኛል። ባሕሩ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሲዘጋ እሱ እስከ ዘጠኝ ከሩብ ጊዜ አለኝ ይላል። ሦስት ሩብ ሰዓት ነው ልዩነቱ። ለአሸዋው ይህ ብዙ ነው።

ይህን ከየት እንዳወቅኩት አሁን እነግርሻለሁ።

ያን ቀን ሙኩንድ ሰዓቱን የጠየቀው እኔን ነው። አንቺ ከኋላ ክፍል ተኝተሽ ነበር፣ ሰባት ወር ነፍሰ ጡር። እኔ ከደጅ ቸርኬ አስተካክላለሁ። "ዳዳ፣ አሸዋው እስከ ስንት ሰዓት ነው?" ብሎ ደብተሩን ዘረጋልኝ። በጣቴ ቆጠርኩ። ዐሥራ አንደኛ ቀን ወጣልኝ። "እስከ ዘጠኝ ከሩብ" ብዬ በገዛ እጄ ከመጨረሻው ገጽ ላይ ጻፍኩለት። ቀን መቁጠሪያው ከጀርባዬ ምስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ለመነሳት ሰነፍኩ። ያኔ ጉልበቴም ደህና ነበር። ሰው ሁሉ ሊፈልገው ወደ ባሕሩ ሲሮጥ ዞሬ ቀን መቁጠሪያውን አየሁት። ስድስተኛው ቀን ሁለቴ ተጽፏል።

ወንድሜን የገደልኩት እንዲህ ነው። ያንን ገጽ ቀድዶ ኪሱ ከትቶታል፣ ከሱ ጋር ባሕር ገብቷል ብዬ ሃያ ዓመት ኖርኩ። አሁን ስለተቀደደው ገጽ አይጠይቁኝ ስትይኝ ግን ሌላ ሰው ቀድዶት ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። እኔን ግን በየሄድኩበት ተከትሎኛል፤ ከሚያለቅሱት ጋር አልቅሼ፣ አንቺን አጽናንቼ፣ ልጅቱን አቅፌ ስም ሲወጣላት ተቀምጬ፣ አንድም ቀን ትንፍሽ አላልኩም። ፈሪ ነኝ። የፈራሁት እስር ቤት አይደለም። ልጅቱ ካካ ማለቷን እንዳትተው ነው።

አሁን ግን ከሱ የባሰ ፍርሃት መጣብኝ። ትናንት ጨረቃ ጠፋች። ቀን መቁጠሪያውን ሦስት ጊዜ አየሁት፤ በዚህኛው ጨረቃ አራተኛው ቀን ሁለቴ ነው። ሹባዳ ፌብሩዋሪ 6 እንደሚነሱ ጽፋልኛለች። ደብተሩን ይዛ በጣቷ ከቆጠረች ያንኑ ስህተት ትቆጥራለች፣ በዚያው አሸዋ ላይ።

ስለዚህ ንገሪያት። አባትሽ ሰዓት ያሳተው ካካሽ ነው በያት። ብትጠላኝ ይሻላል። የፖስታ ቤቱ ስልክ ከዝናቡ ወዲህ እንደሞተ ነው። ቴሌግራም ልልክ ሄጄ ነበር፤ ጸሐፊው የዓሣ ሻጯ የያሙና ባል ነው፣ እሱ ያነበበውን እሷ ዓሣ ይዛ በየቤቱ ትሸጠዋለች። ተመለስኩ። ይህንንም ለፍርሃቴ ጨምሪልኝ።

ዳታራም

ቴሌግራም
ፌብሩዋሪ 5

ሹባዳ ትናንት ወጣች። ደብተሩ እሷ ጋ ነው። ሰኞ ትደርሳለች። አሸዋው ላይ ይቁሙ። ሻሊኒ።

ፑኔ
ፌብሩዋሪ 5

ለተከበሩት ለዳዳ፣

ቴሌግራሙ ይቀድመዋል፤ ይህ ተከትሎ ይምጣ። ቁጭ ብዬ መጠበቅ ስላልቻልኩ ነው የምጽፈው።

ደብዳቤዎ ዛሬ ሐሙስ ደረሰ። ሹባዳ ትናንት ረቡዕ ወጣች። ማኅበሩ በሁለት ቀን አስቀደመው፤ የአንዱ ልጅ ፈተና ተዛወረ አሉ። ደብዳቤዎን ከፖስተኛው እጅ ተቀብዬ እዚያው ደጃፌ ላይ አነበብኩት። ፖስተኛው "እናቴ፣ ውሃ ላምጣልዎ?" አለኝ። ምን እንዳልኩት አላስታውስም።

ስትወጣ ብስክሌቷን ለበረከት ቀይ ዱቄት ቀባሁላት፣ ኮኮናት ሰበርኩላት። "ከጓደኞችሽ አትለዪም?" አልኳት። "አልለይም፣ አዪ። በአባቴ ስም" አለች። ስትምል ጆሮዋን አሸች። አየኋት። አየኋትና ዝም ብዬ ሸኘኋት። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እኔ በእጄ ስንቅ ቋጥሬ ነው የላክሁት።

ወደ ማኅበሩ ቢሮ ሄድኩ። የሚያድሩበትን አያውቁትም፤ "ከመሸበት ነው የሚያድሩት፣ ምን ያስፈራዎታል?" አሉኝ። ልጆች ናቸው፣ ይስቃሉ። ምን ብዬ ላስረዳቸው? አራተኛው ቀን ሁለቴ ነው ልበላቸው?

ስለራስዎ የጻፉልኝን አንብቤዋለሁ። አሁን አልመልስልዎም። እችላለሁ፣ ግን አሁን አይደለም። መጀመሪያ ልጄን።

ውሃ ስቀዳ እንስራው ሞልቶ ሲፈስ ዝም ብዬ እያየሁ ነበር። ጎረቤቴ መጥታ ቧንቧውን ዘጋችው። እባክዎ፣ ዳዳ።

ሻሊኒ

ኬርዋድ
ፌብሩዋሪ 10

ለሻሊኒ፣

የትናንቱ ቴሌግራሜ ደርሶሻል ብዬ አምናለሁ። "ደህና ናት" ያልኩት እውነት ነው። አሁንም ደግሜ ልጻፈው፤ ደህና ናት። እዚህ ከፊቴ ተቀምጣ የያሙናን ዓሣ በሩዝ እየበላች ነው። እሾኩን ስታወጣ አባቷ ያደርግ እንደነበረው ታጉረመርማለች።

በሰባት ቃል ብቻ ስለላክሁት ይቅርታ። ያለኝ ገንዘብ ለሃያ ይበቃ ነበር፤ እጄ ግን ከሰባት በላይ አልሄደልኝም። የያሙና ባል ራሱ ነው "በቃ፣ ይገባታል" ያለኝ። ያ ወሬኛ ብዬ የሰደብኩት ሰው ከእኔ ጋር ሲያለቅስ ዋለ።

ስንት ሰዓት ላይ እንዳገኘኋትና ብቻዋን ምን ትሠራ እንደነበር በሁለተኛው ቴሌግራምሽ ጠይቀሻል። የምችለውን ልመልስ።

ከእሑድ ጀምሮ ከዚህኛው ዳር ቆሜያለሁ። ቀን መቁጠሪያውን በብብቴ፣ የያሙናን ቀይ ልብስ በእንጨት ላይ አስሬ። መንደሩ "ሽማግሌው ለየለት" አለ። ሰኞ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ በተራራው መንገድ ልጆቹ መጡ። ደስ ብሎኝ ቆጠርኳቸው። ስምንት ናቸው። ደግሜ ቆጠርኩ። ስምንት።

"ዘጠነኛዋስ?" አልኩ።

"ሹባዳ ናት? ጎማዬ ተንፍሷል፣ ማዶ መንደር አስለጥፌ እደርስባችኋለሁ፣ ሂዱ አለችን። አጎቷ ነህ እንዴ? በመንገዱ ሁሉ ስላንተ ነው የምታወራው!" አለ አንዱ።

ጎማዋ አልተነፈሰም ነበር። ወንዙን አሻግሬ አየሁ፤ ከማዶ ዳር አንድ ትንሽ ነገር ተነሥቶ ወደ አሸዋው ገባ። ቀይ ልብሱን አወዛወዝኩ። እሷም አወዛወዘችልኝ። ሰላም የምላት መስሏት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፈውም። ሁለት ሃያ ዓመት ብኖር እንኳ አልጽፈውም፤ ከፈለገች እሷ ትንገርሽ። አንቺ ማወቅ ያለብሽ ይህ ብቻ ነው። የያሙና የመረብ ገመድ ጠንካራ ነው። ውሃው ከደረቷ አላለፈም። ብስክሌቷ የለም፤ ዛሬ ጠዋት የፊቱን ጎማ ብቻ ባሕሩ መለሰው። ደብተሩም የለም። ጉልበቶቼ እስከ መጨረሻው አገለገሉኝ፣ አሁን ሁለቱም አይታጠፉም፤ ይህን በግድግዳ ተደግፌ ነው የምጽፈው።

ከውሃው ከወጣች በኋላ በያሙና ልብስ ተጠቅልላ ቁጭ ብላ ጣቶቿን ትቆጥር ነበር። ኋላ ቀና አለችና "ካካ፣ በትክክል ነው የቆጠርኩት። ዐሥራ አንድ ነበር" አለችኝ። ቀን መቁጠሪያውን ዘርግቼ አራተኛውን ቀን ሁለቴ አሳየኋት። በጣቷ ተከትላ አየችው።

"ለአባቴ ሰዓቱን ማን ነገረው?"

"እኔ።"

ተነሥታ የምትሄድ መስሎኝ ነበር። አልሄደችም። "አዪ ታውቃለች?" አለች። ከጻፍኩላት ጊዜ ጀምሮ ታውቃለች አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። "ከጻፍክላት ጀምሮ ብቻ አይመስለኝም፣ ካካ። ከአማልክቱ ሥዕል ጀርባ የታጠፈ ገጽ አላት። ትንሽ ሆኜ አንዴ ብነካው በጥፊ መታችኝ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም መትታኝ አታውቅም።"

አይጠይቁኝ ብለሽ ነበር፣ ሻሊኒ። ጠይቄሻለሁ። የትኛው ገጽ ነው?

ዳታራም

ፑኔ
ፌብሩዋሪ 18

ለተከበሩት ለዳዳ፣

ሹባዳ ትናንት በአውቶቡስ ገባች። አቅፌያት አለቀስኩ፣ ከዚያ ሰደብኳት፣ ከዚያ አበላኋት። ስለ አሸዋው ምንም አልነገረችኝም፤ የእርስዎን ጉልበት ግን እያነሳች ታለቅሳለች። የላክሁት ዘይት በርበሬ ስላለበት ዓይንዎን እንዳይነኩበት።

ገጹን ከዚህ ጋር አድርጌያለሁ። ከማንበብዎ በፊት ግን የኔን ይጨርሱ፤ ያለዚያ ለመጻፍ ድፍረቱ አይኖረኝም።

ባሏ የሞተባት ነፍሰ ጡር ሆኜ ደብተሩን ደረቴ ላይ አድርጌ ተኛሁ። የመጨረሻውን ገጽ ያየሁት በሦስተኛው ቀን ነው። በእርስዎ እጅ "እስከ ዘጠኝ ከሩብ" ይላል። ከሥሩ ሙኩንድ የጻፈው አለ። አሁን ከፈለጉ ያንብቡት፣ እኔም እጽፍልዎታለሁ። "ዳዳ ስድስተኛውን ቀን ሁለቴ አልቆጠረውም! እስከ ስምንት ተኩል ብቻ። አሁን ብነግረው ይናደዳል። ማታ እስቅበታለሁ።"

ያውቅ ነበር፣ ዳዳ። ከቤትዎ ሳይወጣ አርሞታል። በእርስዎ ሰዓት አይደለም የሄደው።

ታዲያ ለምን ዘገየ? አምሮት አላስቀምጥ ብሎኝ ነበር። ማዶ መንደር ከቤተ መቅደሱ ጀርባ ካለው ዛፍ ጥሬ ማንጎ፣ በጨው። ከሌላ ዛፍ አይደለም፣ ከዚያው። ያረገዘች ሴት አምሮቷ ካልደረሰላት ለልጁ እንደሚተርፍ እናትዎ ጠዋት ማታ ይነግሩን ነበር፤ ሙኩንድም ሳቀና ተነሣ። በጊዜው ደርሶ በጊዜው ተመለሰ። አሸዋውን ተሻግሮ፣ በኋላው በር ገብቶ፣ ማንጎውን ጭኔ ላይ ዘረገፈው። እርስዎ ከፊት ደጅ ስለነበሩ አላዩትም። አንዱን ገመጥኩት። ጣፋጭ ነው። ከሌላ ዛፍ ነው። አለቀስኩ። እንደ ልጅ አለቀስኩ፣ ማንጎውን ወረወርኩበት።

"እሺ፣ ንግሥቲቱ፣ እሺ" አለኝ። ሰዓቱን አየ። ስምንት ሰዓት አልፎ ነበር። "በቶሎ ብጋልብ ለመሄጃው ይበቃል፣ ስመለስ በተራራው እመጣለሁ" አለ። አሸዋው መካከል ነው ውሃው የያዘው።

እኔ ነኝ፣ ዳዳ።

ከዚህ የባሰውን ልንገርዎ። እርስዎ ሰዓት መናገር ሲያቆሙ አየሁ። መጀመሪያ ከሐዘን ነው አልኩ። በኋላ ደብተሩ ሲነሳ ፊትዎ እንዴት እንደሚሆን አይቼ ገባኝ። ገብቶኝም ገጹን ቀድጄ ደበቅኩት። የኔን ሸክም የሚሸከምልኝ ሰው ካገኘሁ ለምን አወርድበታለሁ? እርስዎ እየፈሩ እኔ ትንሽ ትንሽ እተኛ ነበር። የጎማ መለጠፊያ ገንዘብዎን ተቀብዬ ልጄን ያስተማርኩት ይህን እያወቅኩ ነው። እንዲያም ሆኖ እርስዎ ነዎት ይቅርታ ሲጠይቁ የኖሩት።

ልጄ ግን በአቆጣጠሩ ልትሞት የነበረው እኔ ያንን አንድ ገጽ ስለቀደድኩ ነው። ከደብተሩ ላይ ቢቆይ ኖሮ የአባቷን ጽሑፍ ታነበው ነበር። "ሁለቴ" የሚለውን ቃል ታየው ነበር። ስምንት ሌሊት ይህን ሳስብ አነጋሁ።

መልስ ባይጽፉልኝ አልቀየምም። ለሹባዳ ግን ይጻፉላት።

ሻሊኒ

ኬርዋድ
ማርች 9

ለሻሊኒ፣

ገጹ ደረሰኝ። መልሱን ያዘገየሁት እንዳለፈው ጊዜ ፈርቼ አይደለም። ተቆጥቼ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ተቆጣሁሽ። ብስክሌት ሳጠብቅ ሁለት ብሎን በጠስኩ፣ ደንበኛ ሰደብኩ፣ ያሙናን "ዓሣሽ ሸቷል" አልኳት፤ አልሸተተም ነበር። ሃያ ዓመት፣ ሻሊኒ! የአሸዋውን ሽታ ስሸሽ መስኮቴን ዘግቼ የተኛሁበት ሃያ ዓመት።

ከዚያ ገጹን እንደገና አነበብኩት። "ማታ እስቅበታለሁ።" የሱ ጽሑፍ ወደ ግራ ያጋድላል፤ ረስቼው ነበር። ጮክ ብዬ አነበብኩት። ከዚያ ምን እንደሆንኩ አላውቅም፣ ሳቅኩ። ብቻዬን፣ ከበርጩማዬ ላይ፣ እንባዬ እስኪወርድ። ወንድሜ ሃያ ዓመት ዘግይቶ ሳቀብኝ። የሚገባኝ ነበር።

አንቺ የሃያ ዓመት ልጅ ነበርሽ፣ ሆድሽ ገፍቶ፣ ማንጎ አምሮሽ። በሰው አምሮት ሰው አይከሰስም። ገጹን ስለደበቅሽው ግን እስካሁን አልበረደልኝም፤ ይህንን አልዋሽሽም። ሲበርድልኝ እጽፍልሻለሁ። እስከዚያው የላክሽው ዘይት ያቃጥላል፣ ይጠቅማልም።

ያቺን ዛፍ አውቃታለሁ። ከቤተ መቅደሱ ጀርባ ያለችው፣ ወደ አጥሩ ያዘመመችው። ዘንድሮ ፍሬ ይዛለች፤ ገና ድንጋይ ነው፣ ጥርስ ያጠርሳል። ከሹባዳ ጋር ኑ። በተራራው መንገድ በአውቶቡስ ኑ። ለልጅቱ ከሦስት አሮጌ ብስክሌት አንድ እየገጣጠምኩላት ነው፤ የፊቱ ጎማ ባሕሩ የመለሰው ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ልዝጋ። ዛሬ ጠዋት ያሙና ቅርጫቷን በራሷ ላይ አድርጋ በደጄ ስታልፍ ቆመች። ልማዷ ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ትጠይቀኛለች፣ እኔም በየሳምንቱ ራሴን እነቀንቃለሁ።

"ዳታ፣ ዛሬ አሸዋው መቼ ይዘጋል?" አለችኝ።

በግድግዳ ተደግፌ ተነሣሁ፣ ቀን መቁጠሪያውን ከምስማሩ አወረድኩ፣ ከጨለማው ቀን ጀምሬ እያንዳንዱን ቀን በጣቴ እየነካሁ አየሁት። ከዚያ ነገርኳት።

ዳታራም